ያለ አውቶሞቢል የሚደረግ የአንድ ቀን ጉዞ፤ የራይድ ከተማና የዋይት ደሴት ምሳሌ

መግቢያ

የዕረፍት ቀኑን በባሕር ዳር ከተማ ለማሳለፍ የሄደ ሰው፥ ደርሶ ዕቃውን ካኖረ በኋላ መጀመሪያ የሚጠይቀው ጥያቄ «አሁን በምን እንሂድ?» የሚል ነው። አውቶሞቢል ላለው ሰው መልሱ ከደጃፉ ቆሞ ይጠብቀዋል። ለሌለው ግን፥ ይኸውም ለተማሪው፥ ለሽማግሌው፥ ሕፃናት ለያዘችው እናት፥ ከሩቅ አገር ለመጣው እንግዳ፥ ነገሩ እንዲህ ቀላል አይደለም። ወይ ካረፈበት ቤት ፊት ለፊት ያለውን ባሕር ብቻ አይቶ ይመለሳል፤ ወይም የአገሩን ውስጥ የሚያይበት መንገድ አስቀድሞ የተዘጋጀለት እንደ ሆነ ይሄዳል። ይህ ጽሑፍ እንዲህ ያለው መንገድ በምን እንደሚቆምና በምን እንደሚፈርስ በአንድ ምሳሌ ለማስረዳት የተዘጋጀ ነው።

ምሳሌው በእንግሊዝ አገር ደቡብ ጠረፍ አጠገብ ባለችው በዋይት ደሴት ላይ የምትገኘው የራይድ ከተማ ናት። የተመረጠችበትም ምክንያት ሁለት ነው። አንደኛው፥ መርከብ፥ ባቡር፥ አውቶቡስና የእግር መንገድ በአንድ ቦታ ሲገናኙ ምን ያህል እንደሚጠቅሙ፥ ሲለያዩም ምን ያህል እንደሚጎዱ በዚች ትንሽ አገር በግልጽ ስለሚታይ ነው። ሁለተኛው፥ የዐፄ ቴዎድሮስ ልጅ ልዑል ዓለማየሁ ወደ እንግሊዝ አገር በተወሰደበት ጊዜ በዚች ደሴት ስለ ቆየ፥ የእርሱን ዱካ መከተል ለሚፈልግ ኢትዮጵያዊ የጉዞው ነገር ከመዝናናት ያለፈ ዋጋ ስላለው ነው። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት፥ ዓ.ም. ተብሎ ካልተጻፈባቸው በቀር፥ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።

ደሴቲቱና በሯ

ዋይት ደሴት ሶለንት በሚባል ጠባብ ባሕር ከዋናው ምድር የተለየች ናት። ስፋቷ 380 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፥ ይህም ከጣና ሐይቅ ስፋት ከስምንት እጅ አንዱ ያህል ይሆናል። ከምሥራቅ ጫፍ እስከ ምዕራብ ጫፍ 37 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። በ2021 በተደረገው ቈጠራ 140 ሺህ ያህል ሕዝብ ተገኝቶባታል። ከዋናው ምድር ጋር የሚያገናኛት ድልድይም ሆነ በባሕር ሥር ያለፈ ዋሻ የለም።

አውቶሞቢሉን ይዞ መሻገር የሚፈልግ ሰው በፊሽቦርን፥ በምሥራቅ ካውስ ወይም በያርመዝ በኩል፥ ተሽከርካሪ በሚጭኑ ትልልቅ ጀልባዎች ይገባል። በራይድ በኩል የሚገቡት ሁለቱ መስመሮች ግን እግረኛ ብቻ የሚጭኑ ናቸው። አንደኛው ከፖርትስመዝ ወደብ ተነሥቶ በ22 ደቂቃ ያህል ከራይድ የባሕር ድልድይ ጫፍ የሚደርስ ፈጣን ጀልባ ነው። ሁለተኛው ከሳውዝሲ ተነሥቶ በ10 ደቂቃ ያህል የሚያሻግረው ሆቨርክራፍት ነው። እንግዲህ የራይድ በር ከጥንት ጀምሮ የእግረኛ በር ነው ለማለት ይቻላል። ይህም የሆነው በዕቅድ ብቻ ሳይሆን በባሕሩ ጠባይ ምክንያት ነው።

የባሕሩ መጉደልና የተገኘለት መፍትሔ

በራይድ ፊት ያለው የባሕር ወለል እጅግ ዝቅ ብሎ የተዘረጋ አሸዋና ጭቃ ነው። ባሕሩ በየቀኑ ሁለት ጊዜ ይሞላል፤ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። በጎደለ ጊዜ ውሃው ከከተማው ርቆ ስለሚሸሽ መርከብ ሊጠጋ አይችልም። ደራሲው ሄንሪ ፊልዲንግ በ1754 ታሞ ወደ ሊዝበን ሲጓዝ መርከቡ በዚህ ስለ ዘገየች፥ ጭቃው ከባሕር ወደ ምድር መውጣትን ምን ያህል አስቸጋሪ እንዳደረገው በጉዞ መጽሐፉ ውስጥ ጽፎታል። በዚያን ዘመን መንገደኛው በሰው ጀርባ ታዝሎ ወይም በጋሪ ተጭኖ እርጥቡን አሸዋ ይሻገር ነበር።

ለዚህ ችግር የመጀመሪያው መፍትሔ በ1814 የተከፈተው ከባሕር ውስጥ በተተከሉ ምሰሶዎች ላይ የቆመ የእንጨት ድልድይ ነው። ይህ ድልድይ ወደ ማዶ የሚያሻግር ሳይሆን፥ ጥልቅ ውሃ እስከሚገኝበት ድረስ ወደ ባሕሩ የሚዘልቅ ነው። ከዚያ ወዲህ እየተራዘመ ሄዶ ዛሬ ርዝመቱ 680 ሜትር ያህል ነው። በ1864 ከጎኑ ለትራም የሚሆን ሁለተኛ ድልድይ ተሠራለት፤ በ1880 ደግሞ ሦስተኛው፥ የባቡር ሐዲድ የተዘረጋበት ድልድይ ተጨመረ።

ሁለተኛው መፍትሔ የመጣው ከ150 ዓመት በኋላ ነው። ክሪስቶፈር ኮከረል የተባለው መሐንዲስ የፈለሰፈው ሆቨርክራፍት፥ ትልልቅ ማራገቢያዎች አየርን ወደ ታች እየገፉ፥ በዙሪያው የተንጠለጠለው የጎማ መጋረጃ አየሩ ቶሎ እንዳያመልጥ እየያዘው፥ በአየር ትራስ ላይ ተንሳፎ የሚሄድ ነው። ስለዚህም ከታቹ ያለው ውሃ ይሁን አሸዋ አይገደውም። የመጀመሪያው ሆቨርክራፍት በ1959 የተሠራው በዚችው ደሴት፥ በምሥራቅ ካውስ ነበር። የራይድና የሳውዝሲ መስመር ደግሞ ከ1965 ጀምሮ ይሠራል። ሁለቱ መፍትሔዎች የተለያዩ ይምሰሉ እንጂ ዓላማቸው አንድ ነው፤ ይኸውም መንገደኛው እግሩ ጭቃ ሳይነካ ከከተማው መካከል እንዲደርስ ማድረግ ነው። አንደኛው ወደ ውሃው ሄደ፤ ሁለተኛው ውሃውን ሳይጠብቅ ወደ አሸዋው ወጣ።

ባቡሩና ዋሻው

ከራይድ ወደ ደቡብ፥ እስከ ሻንክሊን የሚሄደው ሐዲድ በ1864 ተከፈተ። ነገር ግን መነሻው ከባሕሩ ርቆ በከተማው ጀርባ በሴንት ጆንስ ጣቢያ ስለ ነበረ፥ ከመርከብ የወረደው ሰው ትራም ተሳፍሮ ከተማውን ካቋረጠ በኋላ እንደ ገና ባቡር መያዝ ነበረበት። በ1880 የባቡሩ ድልድይና በከተማው ሥር የሚያልፈው ዋሻ ሲከፈቱ ይህ ጣጣ ቀረ። ከመርከቡ ወርዶ ጥቂት እርምጃ በመሄድ ባቡር መሳፈር ተቻለ።

ይህ ዋሻ ግን ጣራው ዝቅተኛ ነው። የእንፋሎት ባቡር በ1966 መጨረሻ ቀርቶ መስመሩ በኤሌክትሪክ እንዲሠራ በተወሰነ ጊዜ የዋሻው ወለል ስለ ተነሣ ጣራው ይበልጡን ቀረበ። እንደ ሌላው የእንግሊዝ አገር ባቡር ቁመት ያለው ሠረገላ ሊያልፍበት አልቻለም። ስለዚህ በመጋቢት 1967 መስመሩ ሲከፈት የመጡለት ከለንደን የምድር ውስጥ ባቡር አገልግለው የተሰናበቱ አሮጌ ሠረገላዎች ነበሩ። በ1989 ደግሞ በ1938 ዓይነት ሠረገላዎች መተካት ጀመሩ፤ እነዚህም እስከ ጥር 2021 ድረስ፥ ማለት ዕድሜያቸው ከ80 ዓመት እስኪያልፍ አገለገሉ። ከኅዳር 2021 ጀምሮ የሚሠሩት ከለንደን ዲስትሪክት መስመር የመጡና እንደ ገና የታደሱ ባቡሮች ናቸው። ስለዚህ በራይድ የባሕር ድልድይ ላይ ቆሞ የሚመለከት እንግዳ፥ ከምድር በታች እንዲሄድ የተሠራ ባቡር ከባሕር በላይ ሲሄድ በማየቱ ሊደነቅ አይገባውም። ምክንያቱ የአንድ ዋሻ ቁመት ነው።

የሰዓት ነገር

መንገዶች በቦታ መገናኘታቸው ብቻ አይበቃም፤ በሰዓትም መገናኘት አለባቸው። ለዚህ ከራይድ ባቡር የተሻለ ማስረጃ የለም። መስመሩ በአብዛኛው አንድ ሐዲድ ብቻ ነው። በአንድ ሐዲድ ላይ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄዱ ሁለት ባቡሮች ሊተላለፉ የሚችሉት ሐዲዱ ሁለት በሚሆንበት ቦታ ብቻ ነው። በብሬዲንግ ጣቢያ የነበረው መተላለፊያ ከተነሣ በኋላ፥ የቀሩት መተላለፊያዎች እርስ በርሳቸው ባልተመጣጠነ ርቀት ስለ ነበሩ፥ ባቡሮቹ አንድ ጊዜ በ20 ደቂቃ፥ ቀጥሎ በ40 ደቂቃ ልዩነት ለመሄድ ተገደዱ። ይህም ከጀልባው ሰዓት ጋር አልስማማ አለ። በ2021 በተደረገው እድሳት የብሬዲንግ መተላለፊያ እንደ ገና የተሠራው ባቡሮች በየ30 ደቂቃው ለመሄድ እንዲችሉ ነው። ጥቂት መቶ ሜትር ሐዲድ መጨመር የአንድን ደሴት የጉዞ ቀን ሊያቃና እንደሚችል ከዚህ እንረዳለን።

በከተማው የባሕር ዳርቻ፥ የባቡሩ ጣቢያ፥ የሆቨርክራፍቱ ማረፊያና የአውቶቡሱ ጣቢያ ጎን ለጎን ናቸው። ከዚህ ተነሥቶ ምን ዓይነት የቀን ጉዞ ማድረግ እንደሚቻል ቀጥለን እንመልከት።

የመጀመሪያው ጉዞ፤ በእግር

ምንም ገንዘብ የማይጠይቀው ጉዞ በባሕሩ ግንብ ላይ ወደ ምሥራቅ መሄድ ነው። እስከ ሲቪው መንደር ያለው 4 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ሜዳ ስለ ሆነ ለሽማግሌም ለሕፃንም አያስቸግርም። በመንገዱ የአፕሊ ግንብና የፐክፑል መናፈሻ ይገኛሉ። በባሕሩ ውስጥ ክብ ሆነው የቆሙት የድንጋይና የብረት ምሽጎች፥ እንግሊዞች የፈረንሳይን ባሕር ኃይል በፈሩበት ዘመን፥ ከ1867 እስከ 1880 ባለው ጊዜ የተሠሩ ናቸው።

ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሰው ደግሞ በቢንስቴድ በኩል አልፎ ከኳር ገዳም ይደርሳል። የመጀመሪያው ገዳም በ1132 የተመሠረተ ሲሆን፥ ዛሬ ፍርስራሹ ብቻ ቀርቷል። ከእርሱ አጠገብ ያለው በቀይ ጡብ የተሠራው ቤተ ክርስቲያን፥ ከፈረንሳይ አገር የመጡ የቤኔዲክት ማኅበር መነኰሳት በ1911 እና በ1912 ያሠሩት ነው። የሠራው መሐንዲስ፥ ፖል ቤሎ፥ ራሱ መነኵሴ ነበረ።

ሁለተኛው ጉዞ፤ በባቡር

ከድልድዩ ጫፍ እስከ ሻንክሊን ያለው መስመር 14 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ስምንት ጣቢያዎች አሉት፤ ጉዞው ግማሽ ሰዓት አይሞላም። በብሬዲንግ ወርዶ ጥቂት በእግር የሄደ ሰው ከሮማውያን ዘመን የቀረ ቤትና በቀለማት ጠጠር የተነጠፈ ወለል ያያል። በወለሉ ላይ ከተሣሉት አንዱ ራሱ የዶሮ፥ አካሉ የሰው የሆነ ምስል ነው። በሳንዳውን ሰፊ የአሸዋ ዳርቻና በደሴቲቱ የተገኙትን የጥንት እንስሳት አጥንቶች የያዘ ቤተ መዘክር አለ። በሻንክሊን ደግሞ ውሃ የቦረቦረው ጠባብ ሸለቆ ከ1817 ጀምሮ ለጎብኚ ክፍት ነው።

ከሁሉ ይልቅ ልዩ የሆነው ግን የስሞልብሩክ ጣቢያ ነው። ወደዚህ ጣቢያ የሚያደርስ መንገድ የለም። አውቶሞቢል ያለው ሰው ቢፈልግም በአውቶሞቢሉ ሊደርስበት አይችልም፤ በባቡር ብቻ ይደረሳል። ጣቢያው በ1991 የተሠራው የኤሌክትሪኩን ባቡር ከእንፋሎት ባቡሩ ጋር ለማገናኘት ነው። የእንፋሎቱ መስመር 9 ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ በሄቭንስትሪት በኩል እስከ ውተን ይሄዳል። በ1966 የተዘጋውን የራይድና የካውስ መስመር ከፊሉን ከጥፋት አድነው የሚያሠሩት በአብዛኛው ያለ ደመወዝ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ከባቡሮቻቸውም አንዱ በ1891 የተሠራ ነው። ይህ መስመር ዓመቱን ሙሉ ስለማይሠራ ተጓዡ ቀኑን አስቀድሞ ማጣራት ይገባዋል።

ሦስተኛው ጉዞ፤ ወደ ኦስቦርን

ከራይድ ወደ ምሥራቅ ካውስ የሚሄደው አውቶቡስ በኦስቦርን ቤተ መንግሥት በኩል ያልፋል። ንግሥት ቪክቶሪያና ባለቤቷ ልዑል አልበርት ይህን ርስት በ1845 ገዝተው ቤቱን በ1851 አስጨረሱ። ንግሥቲቱ በጥር 1901 ያረፈችው በዚሁ ቤት ነው። በ1902 ልጇ ንጉሥ ኤድዋርድ ለሕዝብ ስለ ሰጠው ዛሬ ለጎብኚ ክፍት ነው፤ የግል የነበረው የባሕር ዳርቻም ከ2012 ወዲህ ተከፍቷል።

ለእኛ ግን ቤቱ ሌላ ታሪክ አለው። ዐፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. በመቅደላ ከሞቱ በኋላ፥ ሕፃኑ ልዑል ዓለማየሁ ከእንግሊዝ ጦር ጋር ተወሰደ። እናቱ እቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ገና ከኢትዮጵያ ምድር ሳይወጡ በመንገድ ላይ ዐረፉ። ልጁም አማርኛ ለሚያውቀውና በአገራችን ባሻ ፈለቀ ተብሎ ለሚጠራው ለካፒቴን ስፒዲ በዐደራ ተሰጠ። በሐምሌ 1860 ዓ.ም. የሰባት ዓመቱ ልጅ በዚህ በኦስቦርን ቤት ከንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ቀረበ። ንግሥቲቱም ስለ እርሱ በዕለት ማስታወሻዋ በርኅራኄ ጽፋለች። ልዑሉ ከዚያ በኋላ በልዩ ልዩ ትምህርት ቤቶች ቆይቶ በኅዳር 1879 በሊድስ ከተማ በ18 ዓመቱ ሞተ፤ የተቀበረውም በዊንዘር ነው። ዐፅሙ ወደ አገሩ እንዲመለስ የቀረበውን ልመና የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2023 ሳይቀበለው ቀርቷል።

አንድ ተማሪ በአውቶቡስ ዋጋ ከዚህ በር መድረስ መቻሉ ቀላል ነገር አይደለም። የታሪክን ቦታ ለማየት አውቶሞቢል ግዴታ ቢሆን ኖሮ፥ ነገሩ ይበልጥ የሚመለከተው ሰው ሳያየው በቀረ ነበር።

አስቸጋሪው ጉዞ፤ ፍሬሽወተር

የልዑሉ ዱካ ግን በኦስቦርን አያበቃም። በዚያው ወር ካፒቴን ስፒዲ ልጁን በደሴቲቱ ምዕራብ ጫፍ በፍሬሽወተር ወደምትኖረው ወደ ታዋቂዋ ፎቶግራፍ አንሺ ወደ ጁሊያ ማርጋሬት ካሜሮን ወሰደው። እስከ ዛሬ በየመጻሕፍቱ የምናየው ያ ኀዘን የተሞላበት የልጅ ፊት የተነሣው በዚያ ነው። ዲምቦላ የሚባለው ቤቷም ቤተ መዘክር ሆኗል።

ከራይድ እስከዚያ ድረስ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ቢሆን ነው። ነገር ግን ከሁሉ የሚከብደው ጉዞ ይህ ነው። ከኒውፖርት ወደ ፍሬሽወተር የሚሄድ የመንገደኞች ባቡር በ1889 ተከፍቶ ነበር፤ በ1953 ተዘጋ። በዚያው ዓመት የቤምብሪጅ መስመር፥ በ1956 የሳንዳውንና የኒውፖርት፥ በ1966 ደግሞ የራይድና የካውስ፥ እንዲሁም የሻንክሊንና የቬንትነር መስመሮች ተዘጉ። በደሴቲቱ ላይ 88 ኪሎ ሜትር ያህል ከነበረው ሐዲድ ለዕለት አገልግሎት የቀረው የራይድና የሻንክሊኑ ብቻ ነው። ከተዘጉት ሐዲዶች አንዳንዶቹ ለእግረኛና ለብስክሌት መንገድ መሆናቸው መልካም ነው፤ ነገር ግን ለሽማግሌና ለሕፃን የባቡርን ቦታ አይተኩም።

ዛሬ ከራይድ ወደ ፍሬሽወተር የሚሄድ ሰው በአውቶቡስ ኒውፖርት ደርሶ እዚያ ሌላ አውቶቡስ ይለውጣል። የመጀመሪያው ጥቂት ቢዘገይ ሁለተኛው ያመልጠዋል፤ ሁለተኛው ካመለጠ የቀኑ ግማሽ ያልቃል። በክረምት ወራት ደግሞ ምልልሱ ስለሚቀንስ ችግሩ ይብሳል። ኦስቦርንንና ፍሬሽወተርን በአንድ ቀን ለማየት መሞከር ሁለቱንም ማጣት ነው። ለየራሳቸው አንዳንድ ቀን መስጠት ይሻላል።

ከዚህ የሚገኘው ትምህርት

ከላይ ከተጻፈው ሦስት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛ፥ ያለ አውቶሞቢል የሚደረግ ጉዞ የሚሰምረው በተጓዡ እግር ብርታት አይደለም፤ መንገዶቹ በአንድ ቦታና በተቀራረበ ሰዓት ሲገናኙ ነው። በራይድ ሦስቱ ጣቢያዎች ጎን ለጎን መሆናቸው፥ በብሬዲንግ የተጨመረው አጭር ሐዲድ፥ ይህን ያሳያሉ። ሁለተኛ፥ አንድ ጊዜ የተነቀለ ሐዲድ በቀላሉ አይመለስም። ሲዘጋ የሚቀርበት ሰው ደግሞ ሌላ አማራጭ የሌለው ነው። ሦስተኛ፥ የቀረው ነገር የቀረው ሰዎች ስለ ተከራከሩለትና በገዛ ጊዜያቸው ስለ ሠሩለት ነው።

ወደዚያ ለመሄድ ዕድል ለሚያገኙ ባልንጀሮቻችን ደግሞ አጭር ምክር እንጨምራለን። ጉዞውን ከመሄጃው ሳይሆን ከመመለሻው ይጀምሩት፤ ማለት የመጨረሻው አውቶቡስ ወይም ጀልባ በስንት ሰዓት እንደሚነሣ በቅድሚያ ይወቁ። በአሸዋው ላይ መሄድ የሚፈልግ ሰው ባሕሩ የሚሞላበትንና የሚጎድልበትን ሰዓት ይጠይቅ፤ የባሕር ውሃ ሲመለስ መንገደኛን አይጠብቅምና። በአንድ ቀን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሂዱ። ሁለት ቀን ካላቸው አንዱን ለኦስቦርን፥ አንዱን ለፍሬሽወተር ያድርጉት፤ የልጁን ፎቶግራፍ በመጽሐፍ ያየ ሰው፥ የተነሣበትን ቤት ቆሞ ማየት ይገባዋል።